የሽንት ቀዳዳው ከሥር የሆነ ልጅ በስምንት ቀኑ ይገረዝ? ባለቤቴን ምን ልበለው?

ደሴና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ የንስሐ አባቶችና የጤና ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ምክር ስጡኝ። ልጃችን ሲወለድ የሽንት ቀዳዳው ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥር በኩል ሆኖ ተገኘ። ሸለፈቱም የተሰበሰበው ከላይ ብቻ ነው። ሁለቱም የዘር ፍሬዎች ወርደዋል፤ ባይወርዱ ሌላ ምርመራ ያስፈልገው ነበር። ሐኪሙ ለጊዜው እንዳይገረዝ አጥብቆ ነገረን።

ምክንያቱ ቆዳው ነው። ማስተካከያው ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ይሠራል፤ አዲሱን የሽንት መስመር ለመሥራትና ለመሸፈን የሚያገለግለው ያው ሸለፈቱ ነው። ዛሬ በምላጭ ከተቆረጠ ያኔ ቆዳ ያጥራል፤ ከአፍ ውስጥ ወስዶ መተካት ሊመጣ ይችላል። ካልተነካ ግን ግዝረቱም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀዶ ሕክምና ያልቃል።

ባለቤቴ ዘፍጥረት 17ን ይጠቅሳል፤ ስምንተኛው ቀን አይታለፍም፣ ሳይገረዝም በ40 ቀኑ ክርስትና አይነሣም ባይ ነው። ጎረቤታችን ሼኹ ኺታን (የሙስሊሞች ግዝረት) ለሕመም ሲባል እንደሚቆይ ቢነግሩት «ያ የእናንተ ነው» አላቸው። አፄ ገላውዴዎስ እንኳ በ1555 እ.ኤ.አ. በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ግዝረትን የአገር ልማድ ነው ብለዋል፤ ከእኔ አፍ ሲወጣ ግን አይሰማውም።

የንስሐ አባታችን እንዲያነጋግሩት እንዴት ላስረዳቸው? ለክርስትናው የሐኪም ወረቀት ይጠየቃል? ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ የሕፃናት ሐኪም ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አለ? ቀኑ ደርሷል፣ ቶሎ መልሱልኝ።