አርሴማን የምናውቃት በጸበሏ ነው ወይስ በታሪኳ?

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፣ አዲስ አበባ፦
መስከረም 29 የቅድስት አርሴማ ዕለት፣ ከጉባኤው በኋላ ልጆቹን «አርሴማ ማን ናት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዷ «ጸበሏ በሽተኛ ይፈውሳል» አለች። ሌላው «እናቴ እኔን የወለደችኝ ለእርሷ ተስላ ነው» አለ። ከየት እንደ መጣች፣ ማን እንደ ገደላት፣ ለምን እንደ ሞተች የነገረኝ ግን አንድም ልጅ የለም። ጥፋቱ የእኛ የአስተማሪዎቹ ነው። በየዐውደ ምሕረቱ ከተአምሯ በፊት ሰማዕትነቷ ሊሰበክ አይገባምን?

የሮም ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ሚስት ሲፈልግ ሠዓሊዎችን ልኮ የቆነጃጅትን መልክ አሳለ። አርሴማ ራሷን ለክርስቶስ የሰጠች ድንግል ስለ ነበረች ከእመ ምኔቷና ከጓደኞቿ ጋር ሸሽታ አርማንያ ገባች። የአርመኖቹ ታሪክ እንደሚለው የተጠለሉት ከከተማው ውጭ በወይን መጭመቂያ ቤት ነው። ከመካከላቸው አንዷ የብርጭቆ ዶቃ መሥራት ታውቅ ነበርና የዕለት ምግባቸውን የሚያገኙት ያንን ሸጠው ነበር። ልጆቹ ጸጥ ያሉት ይህችን የዶቃ ነገር ስነግራቸው ነው። ሰው አገር ገብቶ ሠርቶ ማደር ምን እንደ ሆነ ከየቤታቸው ያውቁታል።

ዲያቆን፣ ጎንደር፦
እኅቴ፣ ሐሳብሽ ደግ ነው፤ ነገር ግን «በፊት» የምትለው ቃል ታሳስበኛለች። ሌሊቱን ተጉዞ፣ በሽተኛውን በወሳንሳ ተሸክሞ የመጣን ሰው «ቆይ፣ መጀመሪያ ታሪክ ስማ» ልንለው ነውን? ጌታችንም ለምጻሙን ያነጻው ትምህርት ፈትኖት አይደለም። የቅዱሳን ቃል ኪዳን የቤተ ክርስቲያን ሀብት ነው። በጸበል በኩል የመጣ ምእመን ቀስ ብሎ ታሪኩንም ይሰማል።

የታሪክ ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦
ይሰማል ይላሉ፤ ስንቱ ሰምቷል? ደግሞስ የምንሰብከው የትኛውን ነው? ታሪኩን የጻፈው አጋታንጌሎስ ራሱን አርሴማን የገደላት የአርመን ንጉሥ የድርጣድስ ጸሐፊ አድርጎ ያቀርባል። የአርመን ፊደል የተቀረጸው ግን በ405 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፤ መጽሐፉም አሁን ባለው መልኩ ከሰማዕታቱ ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተጻፈ ነው። ንጉሡ ስለ ገደላት ወደ እሪያ ተለወጠ የሚለውን ለዛሬ ወጣት እንደ ደረቅ ታሪክ ብንነግረው ሰማዕትነቷንም አብሮ ይጥለዋል ብዬ እፈራለሁ። እኔ በእርሷ መኖር አልጠራጠርም። በአርማንያ ከተማ በቫጋርሻፓት፣ መቃብሯ ላይ በ618 እ.ኤ.አ. የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል።

ዲያቆን፣ ጎንደር፦
ወንድሜ፣ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 4ን አንብብ። ናቡከደነፆር እንደ በሬ ሣር ግጧል፤ አጋታንጌሎስ ራሱ ድርጣድስን ከእርሱ ጋር ያመሳስለዋል። የእሪያው ነገር ከወጣ ደግሞ ንስሐው ይቀራል። ያ ንጉሥ ስለ ክርስትናው የጣለውን ቅዱስ ጎርጎርዮስን ከጉድጓድ ያስወጣውና አገሩን ይዞ የተጠመቀው በዚያ ምክንያት ነው። የእኛም ስንክሳር ይህንኑ ይዟል። የገደላት ንጉሥ የዳነበትን ታሪክ እንዴት እንቆርጠዋለን?

እናት፣ ከዋሽንግተን፦
እኔ ለአርሴማ ተስዬ ልጅ ያገኘሁ ሰው ነኝ። ማንም ስለቴን ቢያቃልልብኝ አልወድም። ነገር ግን መምህርቷ ያሉት እውነት ነው፤ ለዓመታት ጸበሏን ስጠጣ ድርጣድስ የሚባል ስም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያ በጉልበቱ የታወቀ ንጉሥ በእልፍኙ ዘግቶባት ሊደፍራት ሲታገላት፣ ለሰዓታት ታግላ እንዳሸነፈችው ያነበብኩት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው። አንብቤ አለቀስኩ። ሴቶች ልጆቻችን ይህን ሳይሰሙ ለምን ያድጋሉ?

የታሪክ ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦
እናቴ፣ በዚህ እስማማለሁ። ግን ምላሷ መቆረጡን፣ ሰውነቷ መቆራረጡን ለሕፃናት መንገር ይከብደኛል።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፣ አዲስ አበባ፦
ለትንንሾቹ አልነግርም። የእመ ምኔቷን የጋያኔን ግን እነግራቸዋለሁ። ንጉሡ እመ ምኔቷን በሩ ላይ አስቁሞ «እሺ በይ ብለሽ ምከሪያት» አላት። እርሷ በሮማውያን ቋንቋ «ልጄ፣ በርቺ» አለቻት። ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች ለንጉሡ ሲነግሩት አፏን በድንጋይ አስመታ፤ ጥርሶቿ ረገፉ። እርሷ ግን መናገሯን አላቋረጠችም። ዲያቆን፣ ጸበሉን አልነካብዎትም። የምለምነው ምእመኑ ተራውን በሚጠብቅበት ሰዓት አንድ ሰው ቆሞ ይህን እንዲነግረው ነው።

እናት፣ ከዋሽንግተን፦
በስሟ የጠራኋት ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትናንት ማታ ታሪኩን ነገርኳት። «ዶቃውን ትሠራ የነበረችው ማን ትባላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ስሟን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።