የሕፃን እርግብግቢት፦ ሲሰረጉድና ሲያብጥ ምን ያሳያል?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)
ሰላም ለሁላችሁ። «አንቲሪየር ፎንታኔል» የሚባለው የትኛው ነው? የኋላውስ? በዚህ ሙቀት እርግብግቢቱ ጎድጎድ ያለ ሕፃን ሁሉ ውሃ አጥሮታል ማለት ነው? እናቶች እንዳይነካ ስለሚፈሩ አዳሰሱንም ብታስረዱኝ።

መልስ 1 (ሐረር)
አንቲሪየር ፎንታኔል ሁላችንም እርግብግቢት የምንለው ነው። ሁለቱ የግንባር አጥንቶችና ሁለቱ የፓራይታል (የራስ ቅል ጎን) አጥንቶች የሚገናኙበት፣ ገና አጥንት ያልሞላው ባለ አራት ማዕዘን ክፍተት ነው። ሲወለድ ስፋቱ በአማካይ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ይዘጋል። የኋላው ባለ ሦስት ማዕዘንና ጠባብ ሲሆን በ2 ወር ገደማ ይገጥማል።

ከቆዳው ሥር ጠንካራ ሽፋን ስላለ በቀስታ መዳሰስም ማጠብም አይጎዳውም። ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ እናቱ ቀና አድርጋ ይዛው በሁለት ጣት ጠርዙን ተከተዪ። ተኝቶ ወይም እያለቀሰ ከተዳሰሰ የጤነኛውም ወጠር ይላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለጥ ያለ ወይም በጥቂቱ ጎድጎድ ያለ፣ ከልብ ምት ጋር ትር ትር የሚል ከሆነ ደህና ነው።

መልስ 2 (ድሬዳዋ)
በእርግብግቢት ብቻ አትወስኚ። ዓይኑ ሰርጉዷል? የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ ይመለሳል? ይነጫነጫል? ሲሰጡት ተስገብግቦ ይጠጣል? ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ቆዳው ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ቤት የሚያዝ አይደለም። መዋጥ ከቻለ በመንገድ ላይ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ጠብ እያደረጋችሁ ጤና ተቋም አድርሱት።

ኦአርኤስ አንዱ ከረጢት ሙሉውን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ከረጢቱን ከፍሎ በብርጭቆ መበጥበጥ አደገኛ ነው፤ ከወፈረ ጨው ይበዛበታል፣ ከቀጠነ የጎደለውን አይተካም። ከ2 ዓመት በታች ላለ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ይሰጠዋል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ፣ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ዚንክ ከ6 ወር በታች በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20፣ ለ10 ቀን።

ጤነኛ ሕፃን 6 ወር ሳይሞላው ለድሬ ሙቀት ተብሎ ውሃ አይሰጠውም። ጡቱን ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይበቃዋል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ቅቤ የሚቀቡትስ?

መልስ 2
የጎደለው የሰውነት ፈሳሽ ነውና ቅቤ ጉድጓዱን አይሞላም። ቅቤ ሲቀባ የሚያልፈው ሰዓት ነው የሚያሳስበኝ።

መልስ 3 (ሐረር)
ያበጠውን አትርሱ። ተረጋግቶ፣ ቀና ብሎም ከተወጠረ፣ በተለይ ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም ማንቀጥቀጥ ካለው፣ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ዲል ጮራ ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይድረስ። ትኩሳት ሳይኖር ጭንቅላቱ ከመጠን በላይ እያደገ ከሆነ ደግሞ በሜትር ከቅንድብ በላይ፣ ከኋላ በወጣ ብሎ ባለው በኩል አዙራችሁ ለኩት። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በወር 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ መጨመሩ የተለመደ ነው። 2 ዓመት አልፎት ካልተዘጋ ሪኬትስ (የአጥንት መለስለስ) እና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን እጥረት ይታዩለት።