ጸሎት በቲኬት፦ የደሴት ሰዎች ሥርዓት ለእረፍተኛ ይሸጥ ወይስ ይቅር?

ዘንባባ ሥር፦
ክርክሩን እኔ ልክፈተው። አቋሜን አልደብቅም። ሞቃት ደሴት ላይ ለእረፍት የሚሄድ ሰው ይዋኝ፣ ይጥለቅ፣ ተራራ ይውጣ፣ ደስ ይበለው። የሰዎችን የአምልኮና የባህል ሥርዓት ግን ጉብኝት ፓኬጅ ውስጥ ከትቶ በቲኬት መሸጥ መከልከል አለበት።

ምን እዚህ እንዳደረሰኝ ልንገራችሁ። የደሴቷን ስም ልተወው። ጠዋት ኮራል ስናይ አረፈድን። ለከሰዓት ደግሞ "ባህላዊ የምርቃት ሥነ ሥርዓት" የሚል ተይዞልናል። ስንደርስ ሽማግሌው ጀመሩ፤ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው። አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄዱ ሁለተኛው አውቶቡስ መጣ። አስጎብኚው ጠጋ ብሎ በጆሯቸው የሆነ ነገር አላቸው። ሽማግሌው ዐይናቸውን ገለጡ፣ አዲሶቹ እንግዶች እስኪቀመጡ ጠበቁ፣ ከዚያ ጸሎቱን ከሀ ጀመሩት። ከእኔ በቀር የደነገጠ ሰው አላየሁም። እሳቸውም አልደነገጡም። ይሄ ነው የባሰ ያስደነገጠኝ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? (ዓመት ስትጠቅሱ እባካችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። ባለፈው ክርክር ተደናብረናል።)

ቀጥተኛ ሰው፦
ይቀጥል ባይ ነኝ። አንተ ስለደነገጥክ የሌላ ሰው ገቢ ይቋረጥ? "ይከልከል" የሚለው ሁሌም አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ቤቱ የገባ ሰው ነው።

ደግሞ ይሄ "ያልተነካ ባህል" የምትሉት ነገር አይገባኝም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ባሊ ደሴት ላይ ኬቻክ የሚባል ትርዒት አለ። ብዙ ወንዶች ክብ ሠርተው ቁጭ ይሉና "ቻክ ቻክ" እያሉ ራማያና የተባለውን የሂንዱ ጥንታዊ ታሪክ ያሳያሉ። የሚያየው ሁሉ የሺህ ዓመት ሥርዓት ይመስለዋል። አሁን ያለውን መልኩን የያዘው ግን በ1930ዎቹ ነው። ዋልተር ስፒስ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊና ዋያን ሊምባክ የተባለ የባሊ ጨፋሪ ናቸው ሳንግያንግ ከሚባል የአምልኮ ሥርዓት የወንዶቹን ዜማ ወስደው ለተመልካች እንዲሆን ያበጁት። ዛሬ የባሊ ሰው የራሴ ነው ይላል። እውነቱን ነው። እንግዳ ባይመጣ ኖሮ ይሄ ጥበብ አይወለድም ነበር።

ሞገድ፦
ቀጥተኛ፣ ታሪኩን ከመሃል ቆረጥከው እኮ። ባሊዎቹ ራሳቸው በዚሁ ጉዳይ በ1971 ተሰብስበው ተከራክረዋል። የመቅደስ ጭፈራ ለቱሪስት መታየት ጀምሮ ነበርና ነገሩ አሳሰባቸው። ጭፈራዎቹን ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። ዋሊ የሚሉት የአምልኮ ነው፤ ቦታው የመቅደሱ ውስጠኛ ግቢ ነው። ቤባሊ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው፤ መካከለኛው ግቢ ይቀርባል። ባሊህ ባሊሃን ለመዝናኛ ነው፤ ማንም ቢያየው ችግር የለም። ዩኔስኮም በ2015 የባሊን ጭፈራዎች ሲመዘግብ በእነዚሁ ሦስት ክፍሎች ነው የመዘገባቸው።

ሁሉም ይከልከል አላሉም፣ ሁሉም ይሸጥም አላሉም። አጥር አበጁ። የዘንባባ ሥር ሽማግሌ ችግራቸው አጥር የሚያበጅላቸው ማጣታቸው ይመስለኛል።

ቀጥተኛ ሰው፦
አጥሩን ማን ያጥረው ነው ጥያቄው። በ2023 ቱሪስቶች ተራራ ላይ ራቁታቸውን ፎቶ እየተነሱ ሲያስቸግሩ የባሊ አገረ ገዢ "22ቱም ተራሮች ቅዱስ ናቸው፣ መውጣት ይከልከል" ብለው ነበር። መንግሥት ሲያጥር እንዲህ ነው፤ አንድ ባለጌ ሲያጠፋ 22 ተራራ ይዘጋል። ባቱር ተራራ ላይ ሌሊት እንግዳ እየመራ፣ ፀሐይ ስትወጣ እያሳየ የሚኖረው አስጎብኚ ግን የዚያው የተራራው ሰው ነው። ክልከላው አልጸናም፤ ዛሬም ባቱር ይወጣል።

ጠላቂው፦
ዘንባባ ሥር፣ "ይዋኝ፣ ይጥለቅ" ብለህ ባሕሩን በአንድ መስመር አለፍከው። እዚያም ያው ነገር አለ።

ፊሊፒንስ፣ ሴቡ ደሴት ላይ ኦስሎብ የሚባል ቦታ አለ። ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት ጠዋት ለዌል ሻርክ ጥቃቅን ሽሪምፕ ይበትናሉ፣ እንግዳው አጠገቡ ይዋኛል። ዌል ሻርክ ሰው የማይነካ፣ አንዳንዱ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ሲጓዝ የሚኖር ዓሣ ነው። እዚያ ግን ጉዞውን ትቶ ምግቡን እየጠበቀ የሚከርም አለ። ጀልባ ስለለመዱ እየተጋጩ ቆዳቸው የተጎዳም አሉ።

እዚያው አገር ዶንሶል ሂድ። ማብላት የለም። ለአንድ ዓሣ አንድ ጀልባ፣ ቢበዛ 6 ዋናተኛ። መንካት ክልክል ነው። ሳታየውም ልትመለስ ትችላለህ። ሰው ታዲያ የቱን ይመርጣል? ኦስሎብን። ከምሳ በፊት አይቶ ይጨርሳላ። ይሄ ከአንተ አውቶቡስ በምን ይለያል?

ቀጥተኛ ሰው፦
የኦስሎብ ዓሣ አጥማጅ ከዚያ በፊት እንዴት ይኖር እንደነበር ስለማይወራ ነው።

ጠላቂው፦
ይወራ እንጂ። ገቢያቸው ተሻሽሏል፣ አልካድኩም። እኔ የምለው ሌላ መንገድም አለ ነው። ፊጂ ውስጥ ፓሲፊክ ሃርበር አጠገብ በ2004 የሻርክ መጠበቂያ ተቋቁሟል። የዓሣ ማጥመድ መብቱ በባህሉ የመንደሮቹ ነበር። ማጥመዱን ተዉ። በምትኩ እያንዳንዱ ጠላቂ ለመንደሮቹ ይከፍላል። ነገሩ ንጹሕ ነው እንዳትሉኝ፤ እዚያም ሻርኮቹ ይመገባሉ። ግን ሪፉ (የኮራል አለቱ) የማን እንደሆነ ከፋዩም ያውቀዋል።

ጡረተኛ መርከበኛ፦
ልጆች፣ ጣልቃ ልግባ። ስትከራከሩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዐይኔ አላየሁትም፤ ግን መርከብ ላይ ደጋግሞ የሚወራ ታሪክ ነበር።

ፓስፊክ ላይ፣ ቫኑዋቱ ውስጥ፣ ፔንቴኮስት የምትባል ደሴት አለች። የደቡቧ ሰዎች ናጎል የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ከእንጨትና ከሐረግ ማማ ይሠራሉ፤ ቁመቱ ከ20 እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። ወንዶቹ ሐረግ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አስረው በጭንቅላታቸው ይወረወራሉ። ልጆችም ከታችኛው እርከን ይዘላሉ። ሐረጉ የሚመረጠው ለእያንዳንዱ ሰው በክብደቱና በሚዘልበት ከፍታ ነው። ሥር ያለው አፈር ተኮትኩቶ ይለሰልሳል። ጥሩ ዝላይ የሚባለው ፀጉር ወይም ትከሻ አፈሩን ዳሰስ ሲያደርግ ነው። ሴቶቹ ከታች እየጨፈሩ ያጅባሉ። ያም የሚሉት የሥራ ሥር ምርት እንዲባረክ ነው የሚዘለለው።

ወቅት አለው። ከኤፕሪል እስከ ጁን ነው። ያኔ ሐረጉ ውሃ ይዟል፣ ይለጠጣል። ካለወቅቱ ግን ይበጠሳል።

በ1974 ፌብሩዋሪ ላይ የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ መጡ። አገሩ ያኔ ኒው ሄብሪደስ ይባላል፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጋራ ይገዙታል። ለንግሥቲቱ ይዘለልላቸው ተባለ። ተዘለለ። ሐረጉ ተበጠሰ፣ አንድ ሰው ሞተ።

ያንን ሰው ቲኬት ገደለው ልል አልችልም። "ሐረጉ እስኪደርስ እንግዳዋ ይጠብቁ" ብሎ የሚሰማ ሰው ጠፍቶ ነው።

ሞገድ፦
ጋሼ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ ነው የቸለሱብኝ።

ቀጥተኛ ሰው፦
ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፤ ግን ታሪኩ ይቀጥላል። በ1979 የኦክስፎርድ ልጆች ሐሳቡን ከናጎል ወስደው እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል ካለው የክሊፍተን ድልድይ በላስቲክ ገመድ ዘለሉ። በ1988 ኒውዚላንድ፣ ካዋራው ድልድይ ላይ ቋሚ የባንጂ ንግድ ተከፈተ። ዛሬ ባንጂ የሌለበት የእረፍት ቦታ ፈልጉ እስኪ! ሐሳቡ ከፔንቴኮስት ነው። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ኮራጁ ዓመቱን ሙሉ ይሽጥ፣ ባለቤቱ ግን "ባህልህ ይበላሽብሃል" ተብሎ ከ3 ወሩም ይከልከል?

ሞገድ፦
እዚህ ላይ ረታኸኝ። የፔንቴኮስት ሰው መሸጥ ይችላል፤ ሸጦም ያውቅበታል። እንግዳ ከፍሎ ያያል፣ አይዘልም። የሚያየውም በወቅቱ ነው። ጥያቄዬ ግን አልሞተም። ፓኬጁን የሚሸጠው ሆቴሉ ሲሆንስ? መርከብ በታኅሣሥ ሲመጣስ? ያኔ "የለም፣ ዘንድሮ አልፏል" የሚለው ማነው? ይህን ማለት የሚችል ሰው ያለበት ቦታ ላይ ይሸጥ። የሌለበት ቦታ ላይ ቲኬቱን እቃወማለሁ።

ዝም ባይ፦
ብዙ ጊዜ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ። ባሊ ላይ ኝዬፒ የሚባል የዝምታ ቀን አለ፤ ሳካ በሚሉት የዘመን አቆጣጠራቸው አዲስ ዓመት ነው። መንገድ ላይ አይወጣም፣ መብራት አይበራም፣ ሥራ የለም። ፔቻላንግ የሚባሉ የመንደር ጠባቂዎች ይዞራሉ። አውሮፕላን ማረፊያው ለ24 ሰዓት ይዘጋል። ከየትም ይምጣ፣ ስንትም ይክፈል፣ እንግዳው ሆቴሉ ውስጥ ይቀመጣል። ከባህል ጉብኝት ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ምንም አላሳዩኝም።

ቀጥተኛ ሰው፦
ሆቴሎቹ "የዝምታ ፓኬጅ" እንደሚሸጡ ታውቃለህ አይደል? ሦስት ሌሊት፣ ቁርስ ጨምሮ 😄

ዝም ባይ፦
አውቃለሁ። ገዝቼዋለሁ።

ጠላቂው፦
ሃሃ! ለማንኛውም ቁጥር መገደብም አለ እኮ። ሃዋይ ውስጥ ካዋይ ደሴት ላይ የሃኤና ፓርክ በ2018 በጎርፍ ተዘግቶ በ2019 ሲከፈት በቀን ከ900 ጎብኚ በላይ አይገባም ተባለ። ታይላንድም ማያ ቤይ የተባለውን የባሕር ዳርቻ ከ2018 እስከ 2022 መጀመሪያ ዘጋች። አሁን ጀልባ በፊት ለፊት አይገባም፣ መዋኘትም የለም። ሻርኮቹ ተመልሰዋል። ለባሕር የሚሠራ ለሥርዓት የማይሠራው ለምንድነው? መንደሩ በወር ሁለት ቀን ይበል፣ 20 ሰው ይበል። ከዚያ በላይ የመጣ ይመለስ።

ቀጥተኛ ሰው፦
መንደሩ ካለ ተስማማሁ። ሚኒስቴር ካለ አልስማማም።

ዘንባባ ሥር፦
አቋሜ ተሸርሽሯል፤ ልክዳችሁ አልችልም። "በሙሉ ይከልከል" ያልኩትን አንሥቻለሁ። ለሽማግሌው ግን ልቤ አልተመለሰም። እሳቸው "የለም፣ አንዴ ጀምሬያለሁ" ማለት ይችሉ ነበር? አስጎብኚው ቢቆጣስ? በሚቀጥለው ቀን ሌላ ሽማግሌ ቢያመጣስ?

ቀጥተኛ ሰው፦
ጠየቅካቸው?

ዘንባባ ሥር፦
አልጠየቅኩም። ቋንቋውንም አላውቅም፣ አውቶቡሱም ሊሄድ ነበር።

ጡረተኛ መርከበኛ፦
ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቀየመኝ። ሁለተኛው አውቶቡስ ሲመጣና ጸሎቱ ሲቋረጥ አንተስ ምን አደረግህ?

ዘንባባ ሥር፦
ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላቸው።