«ቀለም» ስሙ አንድ፣ ግሱ ብዙ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች። ስለ ሥዕል ቀለም የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ «ፒግመንት» እና «ዳይ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ቆምኩ። ሁለቱንም «ቀለም» እያልኩ ሦስት ገጽ ሄድኩ። አራተኛው ላይ «ቀለም ከቀለም በምን ይለያል?» የሚል ዐረፍተ ነገር ወጣልኝና እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስሙን ተወውና ግሱን እይ። ፒግመንት ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ደቃቅ ዱቄት ነው፤ ሙጫ ወይም ዘይት ይዞት ላይ ላዩን ይቀመጣል። ስለዚህ «ይቀባል»። ዳይ ግን ሟሙቶ ክሩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ክሩ «ይነከራል»። እንሶስላ ደግሞ የራሱ ግስ አለው፤ «እንሶስላ ሞቀች» ነው የሚባለው። እናቴ ፊት «እንሶስላ ተቀባች» ብል የሳምንት መሳቂያ እሆናለሁ።

ሌላ መልስ፦ መቀባት ከተነሳ «ስሙን ጥላሸት ቀባው» የሚለውን አንርሳ። አጎቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ጥቁሩን ቀለም የሚሠሩት ከድስት ቂጥ ፍቀው ባወጡት ጥላሸት ነው። እህል ቆልተው፣ አሳርረው፣ ፈጭተው ይጨምሩበታል። በውኃ በጥብጠው ለወራት ያስቀምጡታል። ሽታው አይነሳ! ሲጽፉ ሁለት ቀንድ መሬት ላይ ይተክላሉ፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለቀዩ። በቀዩ የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም ይጻፋል። ሊቁን ሰው «የቀለም ቀንድ» ስንል ያንን ቀንድ ነው። ጥላሸት ካርቦን ስለሆነ ብርሃን አያደበዝዘውም። ስም የሚጽፈውም ስም የሚያጠፋውም ያው የድስት ቂጥ ነው እንግዲህ።

ጭማሪ፦ በዓረብኛ «ቀለም» ማለት ብዕር ነው። የግሪኩ «ካላሞስ» ደግሞ ሸምበቆ። እኛ ዘንድ መቃው ሌላ ስም ይዞ ቀረ፣ «ቀለም» የሚነከርበት ፈሳሽ ሆነ። ከዚያም ትምህርት ሆነ፦ «ቀለም የዘለቀው»፣ የዘንድሮ ልጆች ደግሞ «ቀለሜ» ይላሉ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ፒግመንትን «የቀለም ዱቄት» ልበለው?

መልስ፦ ለሥዕሉ ያስኬዳል። ወደ ቅጠልና ወደ ቆዳ ከሄድክ ግን ጉድ ፈላ። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊልንም፣ ለቆዳ መልኩን የሚሰጠውን ሜላኒንንም ማንም በጥብጦ አልቀባቸውም። እዚያ ስትደርስ «ፒግመንት» ብለህ እለፍ።

ጠያቂው፦ ምዕራፍ ሁለት «ቅጠል ለምን አረንጓዴ ሆነ?» ይላል። ወይ ጣጣ!