«ሁለቴ የዞረች» ስንል ምኗ ነው የዞረው?

ከዓለም ገና፦

ወዳጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሰፈራችን ጋራዥ ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ አዛውንት መካኒክ ስለ አንዲት አሮጌ ቮልስ «እቺ እኮ ሁለቴ የዞረች ናት» አሉ። አብራኝ የነበረችው ልጄ «የት የት ዞረች?» ብላ ጠየቀችኝ። አገር የዞረች መስሏት ነው። የማውቀውን ነገርኳት፤ ቃሉ ግን ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የድሮዋ ቮልስ ኪሎሜትር ቆጣሪ አምስት አሃዝ ብቻ ነው ያለው። 99,999 ላይ ደርሶ አንድ ኪሎሜትር ሲጨመር 00000 ይሆናል። «ዞረች» የሚባለው ያን ጊዜ ነው። የአባቴ ቮልስ ስትዞር በዓይኔ አይቻለሁ። ከሰበታ ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ፍጥነቱን ቀነሰና «እዩ፣ እዩ!» አለ። እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ በመቀመጫዎቹ መሃል አንገታችንን አስግገን አፈጠጥን። የመጨረሻዋ ዘጠኝ ቀስ እያለች ሸሸች፣ የዜሮዋ ጫፍ ብቅ አለ፤ ከዚያ አምስቱም ዘጠኞች ተያይዘው ተነሡ። አባባ ዳር ይዞ አቆመ። እማማ ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳች፣ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። አባባ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «እንኳን አደረሰሽ» አላት። የበዓል ቃል ነው ብዬ ነበር የሰማሁት፤ መድረስ የመንገድ ቃል መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ ይህ «ዞረ» ተሽከረከረ ነው፣ ተመለሰ ነው፣ ወይስ ሌላ?

ከገላን፦

«ተመለሰ» አይሆንም። ቆጣሪ ተመለሰ ከተባለ የሰው እጅ ገብቶበታል። አንድ ጊዜ 80 ሺህ የምታሳይ መኪና ልገዛ ሄጄ የፍሬን ፔዳሏ ጎማ አልቆ ብረቱ ያብረቀርቅ ነበር። ይዤው የሄድኩት መካኒክ ገና ሲያየው «ኪሎሜትሩ ወርዷል» አለኝ። የዞረ ሌላ፣ የወረደ ሌላ።

ከለገጣፎ፦

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ «የዞረ» ለእኛ የየዕለት ቃል ነው። ወሩ ሲዘጋ ቀሪው ወደሚቀጥለው ወር ይዞራል፤ የአዲሱ ገጽ የመጀመሪያ መስመር «ካለፈው የዞረ» ይላል። ትናንት የተጠጣው ዛሬ ጠዋት ራስ ላይ ሲገኝ «የዞረ ድምር» የምንለውም ከዚሁ መዝገብ የወጣ ይመስለኛል።

አሁን የድሮውን ቆጣሪ አሠራር ተመልከቱ። እያንዳንዱ አሃዝ ከ0 እስከ 9 የተጻፈበት ቀለበት ነው። የቀኙ ቀለበት አንድ ሙሉ ዙር ሲጨርስ የግራ ጎረቤቱን በአንድ ቁጥር ይገፋዋል፤ አሥሩ ወደ ግራ ዞረ ማለት ነው። ቀለበቱም ይዞራል፣ ሒሳቡም ይዞራል፣ በአንድ ቅጽበት። ቮልሷ 00000 ስትል ግን መቶ ሺሁ የሚዞርበት ስድስተኛ ቤት የለም። የት ይሂድ? ሰው ይይዘዋል። አዛውንቱ «ሁለቴ የዞረች» ሲሉ ያንን የጎደለ ቤት በአፋቸው ሞሉት። ስለዚህ እኔ የምተረጉመው «ወደ ሰው የዞረ ሒሳብ» ብዬ ነው።

ከቱሉ ዲምቱ፦

የለገጣፎዋ እህታችን ትርጉም ልቤ ውስጥ ገባ። እኛ ሾፌሮች የምንቆጥረው በቢያጆ፣ በጉዞ ማለት ነው። ቃሉ እንደ ታርጋ፣ ሊብሬና ቦሎ ከጣሊያን የቀረ ነው። ከዚህ እስከ አዳማ ፈጣኑ መንገድ 85 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱን 170 ብንለው አንዴ ለመዞር 588 ጊዜ ያህል መመላለስ ይጠይቃል። እኔ ግን የምወደው «አስቆጠረ» የሚለውን ነው፦ «300 ሺህ ኪሎሜትር አስቆጥራለች»። ጎል ያስቆጥራሉ፣ ዕድሜ ያስቆጥራሉ። የሚቆጥረው ቆጣሪው ነው፤ ሥራው ግን የመኪናዋ መሆኑን ቃሉ አልረሳም።

ከቡራዩ፦

ለታሪክ ያህል፦ ሮማዊው ቪትሩቪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ መቶ ዓመት የጻፈው ቆጣሪ አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በመሃሉ ሲለካ 4 ጫማ የሆነ የሠረገላ ጎማ 400 ጊዜ ሲዞር አንድ የሮማ ማይል ይሞላና አንዲት ጠጠር የነሐስ ዕቃ ውስጥ ጠብ ትላለች። ማታ ጠጠሩን መቁጠር ነው። የእኛ ጠጠር ጣይ የሚመጣውን ይናገራል፣ የእሱ ጠጠር ያለፈውን።

ከሰንዳፋ፦

ከኪሎሜትር በፊት የነበረንን ቃል ማንም አላነሳም፦ ምዕራፍ። ግዕዝ ነው፤ ከ«ዐረፈ» የወጣ፣ ማረፊያ ማለት። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኤማሁስ ከኢየሩሳሌም «ስድሳ ምዕራፍ ያህል» ትርቃለች (ሉቃስ 24፥13)፤ የግሪኩ ቃል ስታዲዮን ነው፣ 185 ሜትር ገደማ። ማቴዎስ 5፥41 ላይም «አንድ ምዕራፍ» ይላል፤ እዚያ ግን ግሪኩ ማይል ነው፣ ወደ 1,480 ሜትር። ስምንት እጥፍ የሚለያዩ ሁለት ልኮች በአንድ ቃል! ስሕተት አይመስለኝም። ምዕራፍ ርቀቱን በሜትር አይለካም፤ ሄዶ ሄዶ የሚታረፍበትን ይጠራል። የመጽሐፉም ምዕራፍ እንዲሁ ነው፣ አንባቢ የሚያርፍበት። አባትዎ ዳር ይዘው ሻይ ያስቀዱባት ቦታ በጥንቱ ትርጉም ምዕራፍ ናት።

ከዓለም ገና፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። «ወደ ሰው የዞረ» የሚለውን ለልጄ አነበብኩላት።

አንድ ነገር ልጨምር። የቮልስ ቆጣሪ የሚሠራው ከፊተኛው የግራ ጎማ በሚመጣ ገመድ ነው። አንድ ክረምት ያ ገመድ ተበጠሰና ለወራት ሳይቀየር ቆየ። መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቶ፣ አሃዞቹ ደርቀው ነበር የምንሄደው። የመጨረሻዋ እህታችን የተወለደችው በዚያ ክረምት ነው። አባባ እማማን በሌሊት፣ በዝናብ፣ ከዓለም ገና አዲስ አበባ ያደረሰበት መንገድ ቆጣሪው ላይ የለም። አባባ የዘይትና የጎማ ወጪ የሚጽፍበት ትንሽ ደብተር ነበረው፤ አሁን እኔ ጋ ነው። ኪሎሜትሩ በሚጻፍበት ዓምድ ላይ፣ በዚያን ቀን መስመር፣ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «ገመድ የለም። ሁለት ሄድን፣ ሦስት ተመለስን።»