ፒየርና ዣን፦ የሁለቱ ወንድማማቾች ልዩነት ከየት መጣ?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ከዚራ ውስጥ በአንዳችን ቤት በረንዳ ላይ እየተሰበሰብን መጽሐፍ የምናነብ ጥቂት ወዳጆች ነን። ከመካከላችን ፈረንሳይኛ የሚያውቁት ሁለቱ እየተረጎሙልን፣ እ.ኤ.አ. በ1888 የታተመውን የጊ ደ ሞፓሳንን አጭር ልቦለድ «ፒየርና ዣን»ን ባለፈው ሳምንት ጨረስን። ከጨረስን በኋላ ግን መስማማት ስላቃተን ጥያቄያችንን ወደ እናንተ አምጥተናል።

ላላነበባችሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ሮላን የተባሉ የፓሪስ የጌጣጌጥ ነጋዴ ለባሕርና ለዓሣ ማጥመድ ባላቸው ፍቅር ሥራቸውን ትተው ከቤተሰባቸው ጋር ለ ሃቭር በተባለችው የወደብ ከተማ ይኖራሉ። ታላቁ ልጃቸው ፒየር የ30 ዓመት ሰው ሲሆን፣ ብዙ ሙያ ጀምሮ ከተወ በኋላ በሕክምና ተመርቋል፤ ጠጉሩ ጥቁር፣ ጠባዩ ቁጡና ቂመኛ፣ ሐሳቡም የማያርፍ ነው። በ5 ዓመት የሚያንሰው ዣን ደግሞ ጠጉሩ ወርቃማ፣ አመሉ ረጋ ያለና ገር፣ የሕግ ትምህርቱንም ሳያውክ ሳይታወክ የጨረሰ ነው። አንድ ማታ ኖታሪው (ውልና ኑዛዜ የሚያረጋግጠው የሕግ ሰው) ይመጣና ሌዮን ማሬሻል የተባለ የቤተሰቡ የጥንት ወዳጅ መሞቱን፣ በዓመት 20 ሺህ ፍራንክ ገደማ የሚያስገባውን ሀብቱንም ለዣን ብቻ መናዘዙን ይነግራቸዋል። ፒየር «ለምን ለእሱ ብቻ?» የሚለውን ጥያቄ ሲከተል ከእናቱ ምስጢር ላይ ይደርሳል፤ ዣን የማሬሻል ልጅ ኖሯል።

እኛን የከፋፈለን የልዩነታቸው ምንጭ ነው። ከፊሎቻችን አባታቸው የተለያየ ስለሆነ ነው፣ ደም ነው አልን፤ ከፊሎቻችን ደግሞ ቤቱ ራሱ ነው እንዲህ ያደረጋቸው አልን። እኔ የበኩር ልጅ በመሆኔ ሳይሆን አይቀርም ከመጀመሪያው ለፒየር አድልቼ ነበር፤ እናቱን በነገር ሲወጋት ሳነብ ግን ልቤ ራቀው። እናንተ እንዴት አነበባችሁት?

መልስ (ከሐረር፣ ጀጎል)

ለብዙ ዓመታት ፈረንሳይኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ጥያቄው አስደስቶኛል። (ይህ መጽሐፍ ፓሪስ ላይ በወጣበት ዓመት፣ በ1888፣ ባለቅኔው አርቱር ራንቦ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ እዚህ ሐረር ይነግድ ነበር። መጽሐፉን ባነሳሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።)

በእኛ ዘንድ የአንድ እናት ልጆች በመልክም በጠባይም ሳይመሳሰሉ ሲቀሩ «ማኅፀን ዥንጉርጉር ነው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። የሮላን ቤትም ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የኖረው ይህንን በመሰለ ዝምታ ነው። አባትየው፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ወርቃማ፣ አንዱ እሳት አንዱ ውኃ የሆኑበትን ምክንያት አንድም ቀን አልጠየቁም። ጥያቄውን የሚጭሩት የውጭ ሰዎች ናቸው። ማሮቭስኮ የተባለው ሽማግሌ ፖላንዳዊ መድኃኒት ቀማሚ ውርሱ በሰው ፊት መልካም መስሎ እንደማይታይ ይናገራል፤ አንዲት የቢራ ቤት አስተናጋጅ ደግሞ ወንድምህ አንተን አለመምሰሉ አያስገርምም ትለዋለች። ፒየር እንቅልፍ ያጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ነገር ግን ደም ነው ለሚሉት ወዳጆቻችሁ አንድ ነገር ላስታውስ። ኑዛዜው ከመምጣቱ በፊት፣ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ደራሲው ሁለቱን ወንድማማቾች በአንዲት ጀልባ ላይ አስቀምጦ መቅዘፊያ ያስጨብጣቸዋል። ባሏ የሞተባት ወጣቷ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሮዜሚዪ አብራቸው አለች። ፒየር በፊቷ ጉልበቱን ሊያሳይ ፈልጎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲቀዝፍ ጀልባዋ ወደ አንድ ወገን ትዞራለች፤ ዣን ለጊዜው ይበለጣል። ጥቂት ቆይቶ ግን ፒየርን ልቡን ይወጋዋል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ ዣን እየበረታ መቅዘፉን ይቀጥላል። የሁለቱ ጠባይ እዚያው አልቋል፤ የቀረው መጽሐፍ ሁሉ የዚያ ቀዘፋ ዝርዝር ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። በተለይ ልብ ማለት የሚገባው ውድድሩን እልህ የሚያደርገው ፒየር መሆኑ ነው።

ፒየርን ተወዳዳሪ ያደረገው ማን ነው ከተባለ መልሱ እዚያው ምዕራፍ ላይ ተጽፏል። የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ በአባትና በእናቱ ጭን ላይ ሌላ ሕፃን መጥቶ ተቀመጠ፤ ካደገም በኋላ ሙያ በለወጠ ቁጥር ወላጆቹ ዣንን እያሳዩ «እንደ እሱ ሁን» ይሉት ነበር። ከክፍል ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች አጋጥመውኝ አንዱን በሌላው የለካሁበት ጊዜ ነበርና፣ ያን ዓረፍተ ነገር ባነበብሁ ቁጥር የታላቅየው ፊት ይመጣብኛል። ውርሱ ለቆየ ቁስል ምክንያት ሰጠው እንጂ ቁስሉን አልፈጠረውም።

መልስ (ከድሬዳዋ)

የሐረሩ መምህራችን ስለ ፒየር ያሉት ልክ ነው፤ ዣንን ግን በጣም ነፃ ያወጡት ይመስለኛል። ሙያዬ ሕግ ስለሆነ ያነበብሁት በዚያ ዓይን ነው፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ፒየር ለሕክምና ሥራው ሊከራየው የተመኘውን ቤት ዣን በውርሱ ገንዘብ ወስዶ የራሱ ያደርገዋል። ሁለቱ በዚያው ቤት ሲጣሉ ፒየር ምስጢሩን ያወጣዋል፤ እናታቸው በቀጣዩ ክፍል ሆና ሁሉንም ትሰማለች። ከዚያ በኋላ ዣን የሚያደርገውን ተመልከቱ። እናቱን ያቅፋል፣ አልተውሽም ይላታል፤ ይህ ያስመሰግነዋል፣ ፒየር ያልቻለው ይህንን ነውና። ብቻውን ሲቀር ግን ስለ ገንዘቡ ያስባል። መጀመሪያ ውርሱን መተው እንዳለበት ይሰማዋል፤ ቀጥሎም የሮላን ልጅ ስላልሆንሁ ከሮላን የሚደርሰኝን ድርሻ ለፒየር እተዋለሁ፣ የማሬሻል ልጅ ስለሆንሁ ደግሞ የማሬሻልን እይዛለሁ ብሎ ሒሳቡን ይዘጋና ኅሊናው ያርፋል። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንደ ጠበቃ አመክንዮው አይነቀፍም፤ እንደ ሰው ግን ያስደነግጠኛል፣ ምክንያቱም ወንድሙ በዚያች ሰዓት የት እንዳለ አንዴም አይጠይቅም።

በሕጉ ከሄድን ነገሩ ሌላ ነው። በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ይላል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁልን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሲወጣ ይህንኑ መርሕ ይዞ ነበር። ስለዚህ ዣን በሕግ ፊት የሮላን ልጅ ነው፤ ድርሻውን መተዉ ከራሱ ጋር የተዋዋለው ውል ብቻ ነው። ስሙንም አይተውም። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነውና፣ ዣን በየቀኑ «የሮላን ልጅ» እየተባለ እየተጠራ የማሬሻልን ገንዘብ ሲያወጣ በዓይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ። ለመሆኑ ይህ ሰው ገር ነው ወይስ ስለ ተመቸው ብቻ ነው ገር የሚመስለው?

መልስ (ከሐረር)

በአጭሩ አንድ ንጽጽር ልጨምር። ቪክቶር ሁጎ በ1831 ባሳተመው የኖትር ዳም ልቦለድ ውስጥም ክሎድና ዠአን ፍሮሎ የተባሉ ወንድማማቾች አሉ። ክሎድ ወላጆቻቸው በወረርሽኝ ሲሞቱ ገና ሕፃን የነበረውን ወንድሙን እንደ አባት ሆኖ ያሳድገዋል፤ እሱ መጽሐፍ ላይ የተቸነከረ ቄስ ሲሆን፣ ያሳደገው ልጅ ገንዘብ ለመለመን ብቻ ደጁን የሚረግጥ ጠጪ ተማሪ ይሆናል። የሁጎ ልዩነት ከሩቅ ይታያል፣ ሌሊትና ቀን ነው። የሞፓሳን ወንድማማቾች ግን ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም ጨዋ፣ አንድ ማዕድ ላይ የሚቀርቡ ናቸው። ለእኔ «ፒየርና ዣን» የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ክፉ ሰው ፈልጌ አላገኘሁበትም።

ጠያቂው (ከከዚራ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ዛሬ ለወዳጆቼ አነበብሁላቸው፤ የቀዘፋውን ክፍልም እንደገና ከፍተን አየነው። መምህር፣ እውነትዎን ነው፤ በመጀመሪያው ንባብ እንደ ሽርሽር ቆጥረነው አልፈን ነበር። ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው «አሁን አንተ፣ አሁን አንተ» እያሉ ሁለቱን የሚያዝዙት አባትየው መሆናቸውንም ያስተዋልነው ዛሬ ነው።

ስለ ዣን የተጻፈው ብዙ አከራከረን፤ አንዲት እናት ከመካከላችን ግን «እናቱን የያዘ ልጅ ምን ይባላል?» ብለው ዝም አሰኙን። እኔ አሁንም ከፒየር አልተላቀቅሁም። የትንሿን ሥዕል ነገር አስቡት፤ የማሬሻልን መልክ በእጁ ይዞ አንዴ ሥዕሉን አንዴ ወንድሙን ሲያይ፣ ጢሙና ግንባሩ አንድ ሲሆንበት፣ የሚጮህበት ሰው የለውም። ጭጋግ በሸፈነው ወደብ ላይ ብቻውን ቆሞ የመርከቦቹን ጩኸት የሚሰማበትን ሌሊት ሳነብ፣ በልጅነቴ ከምድር ባቡር ጣቢያ ወደ ጅቡቲ ሊነሣ ሲል በሌሊት የሚሰማው የባቡሩ ፉጨት ነው የታወሰኝ፤ ያ ድምፅ ሁልጊዜ አንድ ሰው ሊሄድ ነው የሚል ይመስለኝ ነበር።

የሄደውም እሱ ነው። የሮላን እውነተኛ ልጅ «ሎሬን» በተባለችው መርከብ ላይ ሐኪም ሆኖ ተቀጥሮ፣ እንደ ሬሳ ሣጥን በጠበበች አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ከቤቱ ይወጣል፤ ቤተሰቡ በዚያችው በመጀመሪያው ምዕራፍ በቀዘፏት ጀልባ ላይ ሆነው ይሸኙታል። አባትየው አሁንም ምንም አያውቁም። እናትየው ለመጨረሻ ጊዜ ዞር ብላ ወደ ባሕሩ ስትመለከት ከጥቂት ጭስ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።