ቤቱን ሁሉ በአንድ ግራጫ መቀባት፦ ምክር ፈልጌ ነበር

አዲስ ገቢ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ይመስል ይሆናል። እኛ ቤት ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ የለም።

ከስንት ዓመት ኪራይ በኋላ የራሳችን ቤት ገባን። ሦስት መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ማድ ቤት፣ መሀል ላይ ረጅም ኮሪደር። ግድግዳው ተጎሳቁሏል፤ ዕቃ ሳናስገባ መቀባት አለበት። ባለቤቴ መካከለኛ ግራጫ በብዛት ገዝተን ቤቱን ሁሉ አንድ እናድርገው ይላል። ምክንያቱ ይገባኛል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን፤ ግራጫ የእጅ አሻራ እንደ ነጭ አያሳብቅም። የተረፈው ቀለምም የትም ቦታ ለማደስ ይሆናል።

እኔን ያስጨነቀኝ ብርሃኑ ነው። እዚህ ባሕር ማዶ ክረምት ላይ ቀኑ ሳይጀመር ያልቃል። ኮሪደሩ ደግሞ አንድም መስኮት የለውም። ናሙናውን ለእናቴ በቪዲዮ ባሳያት፣ "ልጄ፣ ቤትሽን አመድ ልታለብሺው ነው?" አለችኝ። በሚቀጥለው ወር ትመጣለች። ሦስት ወር ከእኛ ጋ ትሰነብታለች። ከዚያ ወዲህ ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣም።

አንድ ግራጫ ለሁሉም ክፍል ይሆናል? ኮሪደሩንስ ምን ላድርገው?

ባለ ሮለር፦
እህቴ፣ እንኳን ለቤት አበቃችሁ። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ባለቤትሽም አልተሳሳተም፣ አንቺም አልተሳሳትሽም። ችግሩ "መካከለኛ ግራጫ" የሚባል አንድ ቀለም አለመኖሩ ነው።

የናሙና ካርዱን ገልብጪና ጀርባውን እዪው። ብዙ ጊዜ ኤልአርቪ የሚል ቁጥር አለው። ቀለሙ ካረፈበት ብርሃን ስንቱን መልሶ እንደሚሰጥ የሚናገር ቁጥር ነው። ዜሮ ድፍን ጥቁር፣ 100 ድፍን ነጭ። ሰው መካከለኛ ግራጫ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 መሀል ይወድቃል። ለምሳሌ ሸርዊን ዊሊያምስ ከሚባለው የቀለም ኩባንያ ማይንድፉል ግሬይ 48 ነው፣ ዶሪያን ግሬይ 39። ካርድ ላይ ወንድማማች ይመስላሉ። አራት ግድግዳ ሲሞሉ ግን ልዩነታቸው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። 39 ማለት ከአሥር ስድስቱን ብርሃን ውጦ የሚያስቀር ቀለም ነው።

ሌላው ከሥር የተደበቀው ቀለም ነው። አንዱ ግራጫ ሰማያዊ አለበት፣ ሌላው አረንጓዴ፣ ሌላው ሐምራዊ፣ ሌላው ወደ ቡኒ ያደላል። ብቻውን ስታዪው አይታወቅሽም። ነጭ ወረቀት አጠገቡ አድርጊ፣ ሌሎች ሁለት ግራጫዎችንም ደርድሪ፤ ያኔ ራሱ ይናገራል።

አደራ ደግሞ፣ ናሙናውን ግድግዳው ላይ እንዳትቀቢ። የድሮው ቀለም ዙሪያውን ከቦት ዓይንሽን ያታልልሻል። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሰሌዳ ፈልጊ፣ ሁለት እጅ ቀቢው፣ ሲደርቅ ከክፍል ክፍል ይዘሽው ዙሪ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ መብራት በርቶ እዪው። ስለ ኮሪደሩ ማታ ከሥራ ስገባ እመለስበታለሁ።

የመንትዮች እናት፦
እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ የኔ እህት። ካርዱ ላይ ልስልስ ያለ ግራጫ ወድጄ ሳሎኑንና የልጆቹን ክፍል ባንድ ቀን አስቀባሁ። ሳሎኑ ፀሐይ ያገኛል፤ ውብ ሆነ። የልጆቹ ክፍል ግን ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ግድግዳው ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ። ያው ቆርቆሮ፣ ያው ሮለር ነው። እኛ ባለንበት የዓለም ክፍል በሰሜን መስኮት ፀሐይዋ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አትገባም፤ የሚገባው የሰማዩ ብርሃን ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ይህን ያወቅኩት ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ልጄ "እማ፣ ይበርደኛል" ስትለኝ ማሞቂያውን ጨመርኩላት። ማሞቂያው ምንም አልሆነም ነበር።

በኋላ ወደ ቡኒ የሚያደላ ግራጫ ቀየርንበት። አሁን ሁለቱ ክፍሎች አንድ ይመስላሉ፤ ቀለማቸው ግን የተለያየ ነው።

የድሮ ሰው፦
ልጄ፣ እኔ በዚህ ሀገር ሁለት ቤት ገዝቼ ሸጫለሁ። የመጀመሪያውን ደስ ባለን ቀለም ቀባነው። ሳሎኑ ብርቱካናማ፣ መኝታ ቤቱ አረንጓዴ። ልንሸጠው ስንል ሰው ገብቶ ግድግዳውን አይቶ ይወጣል። ወራት ፈጀብን። በመጨረሻ ሁሉንም ለዘብ ባለ ቀለም ሸፍነን ሸጥነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ልክ ነው። ግራጫ የማንንም ዓይን አይወጋም። ቤት እዚህ ጥሪት ነው። ነገ ሥራ ቢቀየር፣ አንዱ ቢታመም፣ የሚደርስልሽ እሱ ነው። እናትሽ ደግሞ ሦስት ወር ቆይተው ይመለሳሉ። ዕዳውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ማታ ፈረቃ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የመጨረሻው አነጋገርዎ ልቤን ነካው። እናት እኮ እንደ ማንም እንግዳ መጥታ የምትሄድ አይደለችም። ያቺ ሴትዮ ስንት ዓመት የልጇን ቤት ስታስብ ኖራ ነው ልታየው የምትመጣው።

ይህን የምለው የራሴ ስላለብኝ ነው። እኔ ማታ ሠርቼ ቀን ነው የምተኛው። የተከራየሁት ክፍል ጥቁር ግራጫ ነው፤ አከራዬ መቀባት አይፈቀድም ብሎኛል። ከምሠራው ግማሹ ሀገር ቤት ይሄዳል፤ ለእናቴ ቤት እያሠራሁ ነው። ባለፈው ወንድሜ የግድግዳ ቀለም ምረጥ ብሎ በስልክ እየዞረ አሳየኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ፀሐይ ዘላ ትገባለች። ወለሉ ላይ የመስኮቱ ቅርጽ ተኝቷል። ቀለም መምረጡን ትቼ ብርሃኑን ሳይ ቆየሁ። ወንድሜ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት "ሄሎ፣ ሄሎ" ይለኛል። ለማልኖርበት ቤት ቀለም እየመረጥኩ፣ የምኖርበትን መቀባት አልችልም።

ጨርቅ አቅላሚ፦
ወንድሜ ማታ ፈረቃ፣ አይዞህ። የምትለው ይገባኛል።

ለጠያቂዋ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ጨርቅ ማቅለም ተምሬ ነው ያደግኩት። ሼቭሮል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነበር፤ ፓሪስ በሚገኘው የጎብለን ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ። ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል ቅሬታ መጣበት። ክሩን መረመረው፤ ምንም ጉድለት የለበትም። ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነበር። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ።

ግራጫ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ለጎረቤቱ ይንበረከካል። ቀይ ሶፋ አጠገብ አረንጓዴ ይነካዋል። ወደ ቢጫ ወይም ብርቱካን የሚያደላ የእንጨት ወለል ላይ ሰማያዊ ይመስላል። ስለዚህ እህቴ፣ ሰሌዳሽን ስታዞሪ ከወለሉና ከመጋረጃው አጠገብ አቁሚው። አየር ላይ ይዘሽ ብትፈርጂው ይዋሽሻል።

የድሮ ሰው፦
ማታ ፈረቃ ልጄ፣ እናትን ልነካ አይደለም። የእኔን እናት ሳልቀብራት ነው እዚህ ያረጀሁት፤ ስለ እናት እኔን አትንገረኝ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ያለንን ሁሉ ልከን ልከን እዚህ ባዶ እጃችንን የቀረን ሰዎች ብዙ ነን። አንተም ለራስህ አስብ። ይህችም ልጅ ቤቷን እንደ ጥሪት ትየው።

የመንትዮች እናት፦
ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉትን ለብቻው ብሰማው ልክ ነው። ግን ነገ ለሚመጣ ገዢ ብለን ዛሬ ደስ በማይለን ግድግዳ መሀል እንኑር? ልጆቼ ልጅነታቸውን የሚያሳልፉት እዚያ ውስጥ ነው። ገዢው ከመጣ ያን ጊዜ እቀባለሁ። ሁለት ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው።

የድሮ ሰው፦
ሁለት ቀን ያልሽው ጉልበት ላለው ነው። እኔ ብርቱካኑን ለመሸፈን ሦስት እጅ ቀብቻለሁ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ አይረሳውም።

ማታ ፈረቃ፦
ጋሼ፣ ስለ እናትዎ ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለመላኩ ግን አልስማማም። እኔ የምልከው ተጭነውኝ አይደለም። እናቴ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር እያለች እዚህ ጥሪት ብይዝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የድሮ ሰው፦
ይቅር ብያለሁ ልጄ። ግን ለመላክም መጀመሪያ መቆም ያስፈልጋል። ይህን አልለቅም።

አዲስ ገቢ፦
ወገኖቼ፣ በእኔ ምክንያት አትጣሉብኝ። ሁሉንም አንብቤዋለሁ፤ አንዳንዱን እያለቀስኩ።

የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት ሰሌዳ ቀባን። አንዱ ባለቤቴ የወደደው 39፣ ሌላው ወደ ቡኒ የሚያደላ 48። ሦስት ቀን ይዘናቸው ዞርን። ሳሎን ውስጥ ባለቤቴ ልክ ነበር፤ 39ኙ እጅግ ያምራል። ወደ ሰሜን በሚያየው መኝታ ቤት ግን እሱ ራሱ ሰሌዳውን አቁሞ ትንሽ አየና "ይህማ ዝናብ ሊጥል ነው" አለ። እዚያ ክፍል እናቴ ናት የምትተኛው። ስለዚህ ለእሷ 48ቱን ወስነናል። ሳሎኑ የእሱ ይሁን ብያለሁ። አንድ ቀለም ለሁሉም የሚለው ቀርቷል።

መጠኑን ግን እንዴት ላስላ? አምፖልስ ለውጥ ያመጣል?

ባለ ሮለር፦
ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ጥሩ አድርጋችኋል።

መጠኑ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር በግምት 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፣ ግድግዳው ለስላሳ ከሆነ። ሳሎንሽ 4 በ5 ሆኖ ቁመቱ 2.5 ቢሆን፣ ዙሪያው 18 ሜትር ነው፤ ግድግዳው 45 ካሬ። በርና መስኮት ሲቀነስ 40 በዪው። ሁለት እጅ ሲቀባ 80 ካሬ፣ ማለት ስምንት ሊትር። ቆርቆሮዎቹን ሁሉ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ደባልቂያቸው። በተለያየ ጊዜ የተበጠበጠ ቀለም ትንሽ ይለያያል፤ ግድግዳ መሀል ላይ ከተቀየረ ያስታውቃል።

አምፖል በጣም ይለውጣል። 2700 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) የተጻፈበት ሞቅ ያለ ወርቃማ ብርሃን ይሰጣል። 4000 ነጣ ይላል። 5000 እና ከዚያ በላይ ግራጫውን ያቀዘቅዘዋል። በአንድ ቤት ውስጥ ቀላቅለሽ አትጠቀሚ። ማታ የምትኖሩበትን አምፖል አስቀድመሽ ግዢ፣ ቀለሙን በእሱ ፍረጂ።

ልጆች ስላሉ ጭራሽ የማያብለጨልጨውን ሳይሆን ሳቲን የሚባለውን፣ ትንሽ የሚያብለጨልጨውን ውሰዱ፤ ሲያጥቡት ይችላል። ግን ሳቲን የግድግዳ ጉድለት ያጋልጣል፤ አስቀድማችሁ ድፈኑ፣ አስተካክሉ። ኮርኒሱንና የበሩን ፍሬም ነጭ ተዉት፤ ግራጫ ነጭ ጎረቤት ሲኖረው ይነሣል። ቤቱ የቆየ ከሆነ ደግሞ የድሮውን ቀለም ከመፋቃችሁ በፊት እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) እንዳለበት አስመርምሩ። የእርሳስ አቧራ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ይህን ቸል እንዳትሉ።

አዲስ ገቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ስለ እርሳሱ ማንም አልነገረንም ነበር፤ ነገውኑ እጠይቃለሁ።

ኮሪደሩ ግን እንዴት ይሁን? ሁለቱም ሰሌዳዎች እዚያ ውስጥ ጥቁር ይመስላሉ። ባለቤቴ ሳሎኑን ይከተል ይላል፣ እኔ የእናቴን ክፍል።

የድሮ ሰው፦
ኮሪደሩን ነጭ አድርጊው ልጄ።

የመንትዮች እናት፦
በሁለት ልጅ እጅ ነጭ ኮሪደር? ሳምንት አይቆይም ጋሼ።

ባለ ሮለር፦
ቆይ ቆይ። ርዝመቱ ስንት ነው? በሮቹ ሲከፈቱ ከየትኛው ክፍል ብርሃን ይገባበታል?